መቅደላን የጠበቀው ገደሉ ነው ወይስ ከሥሩ ያለው አገር?

ይህ በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ የተደረገ የውይይት ክር ነው፤ ክሩን የከፈተው ከደሴ፣ ከቧንቧ ውሃ አካባቢ የሚጽፍ ሰው ነው። ተማሪዎች ይዞ መቅደላ ሊወጣ ስለሆነ፣ አምባው ላይ ሲደርሱ መጀመሪያ ምን ማየት እንዳለባቸው ይጠይቃል። ጥያቄው ግን ድምዳሜ አዝሎ ነው የመጣው። አምባ ማለት ራሱን የሚጠብቅ ምሽግ ነው፣ ገደሉ አጥሩ ነው፣ እህልና ውሃ ያለው ሰው በሩን ከያዘ ማንም አይነካውም፣ መቅደላም የተደፈረው እንግሊዝ መድፍ ስላመጣ ብቻ ነው ባይ ነው። ሂሳብም ሠርቷል። ለምሳሌ ያህል ብሎ 20 ሜትር በ15 ሜትር ስፋት፣ 1.5 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ ይወስዳል፤ 450 ሜትር ኩብ ይይዛል። 500 ሰው በቀን አምስት አምስት ሊትር ቢደርሰው 2,500 ሊትር ይወጣል፣ ስለዚህ ውሃው 180 ቀን ይበቃል። ለምሳሌ የምትለዋን ቃል ዘልለው ያነበቡ ሰዎች ኋላ ላይ ኩሬው የት ነው ያለው እያሉ መድረኩን አደክመውታል፤ እነሱን እዘላለሁ።

1ኛው መልስ ሰላምታ አቅርቦ በቀጥታ ወደ መንገዱ ይገባል። ከደሴ የሚነሳ ሰው መቅደላ የሚል ስም ብቻ ይዞ መናኸሪያ እንዳይገባ ያስጠነቅቃል፤ ስሙ ሦስት ቦታ አለና። የመቅደላ ወረዳ ዋና ከተማ ማሻ ነው። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ያለው ቱሉ አውሊያ ነው። ዓፄ ቴዎድሮስ የሞቱበት፣ ዛሬ አምባ ማርያም የሚባለው አምባ ደግሞ በተንታ በኩል ነው የሚወጣበት፤ የሚያዘው መኪና በኩታበር አድርጎ ወደ አጅባር የሚሄደው ነው። አርባ ተማሪ ጭኖ ማሻ ላይ መውረድ ቀልድ አይደለም፣ ይላል።

2ኛው ስለ ወራት ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ዋልካው መኪናም እግርም ስለሚይዝ አይሞከርም። በልግም ቢሆን፣ ከየካቲት እስከ ግንቦት፣ ጠዋቱ ብራ ሆኖ ከሰዓት ነጎድጓድ ይመጣል፤ አናቱ ሜዳ በሆነ አምባ ላይ በመብረቅ ሰዓት መጠለያ የለም። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር ይሻላል። ለአንድ ተማሪ ሦስት ሊትር ውሃ፣ ሁለቱ ለመውጫ አንዱ ለመውረጃ ይመድባል። ብዙ ሰው ሁለቱን ሊትር ገና ገደሉ ሥር ሳይደርስ ይጨርሳል፤ ምክንያቱም መውጣቱን እንጂ ከዚያ በፊት ያለውን ወርዶ መውጣት አያስበውም።

ክሩን ክር ያደረገው 3ኛው መልስ ነው። ጸሐፊው ስለ ድንጋይ የሚያውቅ ሰው ነው። የወሎ አምባዎች የተሠሩት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ተራ በተራ ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ድንጋይ ነው። አንዱ ንጣፍ በአንዱ ላይ ሲተኛ በመካከል አመድና ቀይ የበሰለ አፈር ይቀራል። ጥቁሩ ጠንካራ ድንጋይ ቀጥ ብሎ ይሰነጠቅና ገደል ሆኖ ይቆማል፤ መካከሉ ያለው ለስላሳ ንጣፍ ግን ይፈረፈርና ሰው የሚያርስበት ተዳፋት ይሆናል። ከሩቅ የሚታየው የአምባ ደረጃ ይህ ነው። አናቱ ላይ የዘነበው ዝናብ በስንጥቁ ይሰርግና ለስላሳው ንጣፍ ላይ ሲደርስ መውረድ ያቅተዋል፤ ጎን ለጎን ሄዶ በገደሉ ሥር ምንጭ ሆኖ ይወጣል። እንግዲህ ደህናው ውሃ በብዛት ያለው ከገደሉ በታች፣ ከበሩ ውጭ ነው። ከላይ ያለው ሰው የሚጠጣው ያጠራቀመውን ነው፤ ከታች ያለው የሚፈልቀውን። ጸሐፊው ይህንን ካለ በኋላ የክሩን ከፋች ሳይወቅስ፣ ገደል አጥር ከሆነ ምንጩን ከአጥሩ ውጭ የተወ አጥር ነው ብሎ አልፏል። በዚያው ላይ አንድ ምክር ጨምሯል፦ ለስላሳው ንጣፍ ሲታጠብ ከላዩ ያለው ድንጋይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ዝናብ ባረፈ በማግሥቱ ይወድቃል፤ ተማሪዎቹን ገደሉ ሥር ጥላ አለ ብለህ ምሳ እንዳታበላ።

4ኛው የኩሬውን ሂሳብ ያዘ። ዝናብ ከቆመበት ከመስከረም መጨረሻ እስከ የካቲት መጨረሻ 150 ቀን ነው። ደጋ ላይ ንፋስና ፀሐይ ከክፍት ኩሬ በቀን 5 ሚሊሜትር ያህል ይወስዳሉ ብንል፣ በ150 ቀን 75 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ ከ1.5 ሜትሩ ግማሹ ማንም ሳይጠጣው ሄደ ማለት ነው። የቀረው 225 ሜትር ኩብ፣ ለ500 ሰው 90 ቀን። ከሥር ያለው 20 ሴንቲሜትር ጭቃ አልተቆጠረም። ኩሬ ቆፋሪ ጥልቀት እንጂ ስፋት አይጨምር፣ ስፋት ለፀሐይ መስጠት ነው ብሎ ይዘጋል።

5ኛው ከዚያ የባሰ አመጣ። ሰው ብቻውን አምባ አይወጣም፤ በቅሎና ፈረስ አለ። አንድ በቅሎ በቀን 25 ሊትር ትጠጣለች። መቶ ከብት 2,500 ሊትር፣ ማለትም ልክ የ500 ሰው ድርሻ። 90ው ቀን 45 ሆነ። ገለባውንስ? አንዷ በቅሎ 7 ኪሎ ደረቅ ሣር ብትበላ፣ መቶው በ90 ቀን 630 ኩንታል ይፈልጋል፤ ይህ ደግሞ አናቱ ላይ አይታጨድም፣ ከታች ይመጣል። ለሰዉም ግማሽ ግማሽ ኪሎ እህል ቢባል በቀን ሁለት ኩንታል ተኩል ነው፣ ለ90 ቀን 225 ኩንታል። አህያ ግማሽ ኩንታል ስለምትጭን 450 የአህያ ጭነት በዚያች ቀጭን መንገድ ይወጣል። አውርዶ የሚጭን ሁሉ በሩን ያውቃል ማለት ነው፣ ይላል።

6ኛው ራሱ የክሩ ከፋች ነው፤ አመስግኖ ተቀበለ፣ ግን አልተረታም። ጠላት ሲመጣ ከብቱ ወደ ታች ይሰደዳል አለ። 7ኛው በአጭሩ ወደ ማን አገር ብሎ ጠየቀ። ከዚያ አብራራው። ቴዎድሮስ መቅደላን በ1848 ዓ.ም. ከወሎ ባላባቶች ወስደው ግምጃ ቤትም እስር ቤትም አደረጉት። በዙሪያው ያለው አገር ግን የወሎ ነበር፣ አልተማረከም። በ1857 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ምኒልክ ከአምባው አምልጠው የወረዱት ወደ ወሎዋ ገዢ ወደ ወርቂት ነው፤ እሷም አሳለፈቻቸው። ቴዎድሮስ በቁጣ አምባው ላይ ታስሮ የነበረውን ልጇን አስገደሉ። ከዚያ ወዲያ ከሥር ያለው ገበሬ እህል ይጭንልኛል፣ ከብት ይጠብቅልኛል ማለት ዘበት ነው። በመጨረሻም የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ናፒየር ሲመለስ አምባውን ያስረከበው ለወርቂት ተቀናቃኝ ለመስታወት ነው፤ አምባው ዞሮ ወደ አገሩ ሰው ተመለሰ። ስለዚህ መቅደላን ማንበብ የሚፈልግ ከላይ ሳይሆን ከሥር ይጀምር፤ ገደሉ የሚጠብቀው አገሩ የሚቀልበውን ሰው ነው።

በእኔ ግምት የክሩ ፍሬ ይኼ መልስ ነው፤ የቀረው በዚህ ላይ የተደረገ ጭቅጭቅና ቅመም ነው።

8ኛው የመድፉን ነገር ሊያርም ገባ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የስቅለት ዕለት፣ ውጊያው የተደረገው አምባው ላይ አልነበረም፤ ከበሽሎ ወንዝ በላይ፣ አሮጌ በሚባለው ሜዳ ነው። የቴዎድሮስ ሠራዊት ከፋላና ከሥላሴ ከፍታ ወርዶ ገጠመ። እዚያ የጨረሰው ከኋላ የሚጎርሰው ስናይደር ጠመንጃ ነው፤ ፊታውራሪ ገብርዬ ወደቁ፣ ወደ 700 ሰው ሞተ፤ ከእንግሊዝ በኩል የቆሰለው 20 ሰው ያህል ነው። በፋሲካ ማግሥት፣ ሚያዝያ 6፣ ፋላና ሥላሴ ያለ ውጊያ ተያዙ። እነዚህ ሁለት ከፍታዎች ከመቅደላ ጋር በሰላምጌ ሜዳ የተያያዙ ናቸው፤ እነሱ ከተያዙ መቅደላን ገደሉ የሚጠብቀው ከሦስት ወገን ብቻ ነው። መድፍ በሩ ላይ ተተኮሰ፣ በሩ ግን በመድፍ አልተከፈተም። የእንግሊዝ መሐንዲሶች ባሩዱንና መሰላሉን ረስተው መጡ፤ በሩ ከውስጥ በድንጋይ ክምር ተደግፎ ነበርና ቢሰበርም አያስገባም። የገቡት ከበሩ ጎን፣ ካቡንና የእሾህ አጥሩን ተንጠላጥለው ሁለት ወታደሮች ቀድመው ነው። ቴዎድሮስ ደግሞ ከዚያ በፊት አብዛኛውን ሰው አሰናብተው በጣት ከሚቆጠሩ ጋር ቀርተው ነበር።

9ኛው ተቆጣ። እርስዎ እያለ ነው የጀመረው፤ በሦስተኛው አረፍተ ነገር አንተ ላይ ደረሰ። ጀግናን በኩሬ ሂሳብና በገለባ ኩንታል መመዘን ነውር ነው ይላል፤ የቴዎድሮስን ሞት እንደ ጉድለት የሚቆጥር ትንታኔ ለእንግሊዝ መወገን ነው ባይ ነው። 10ኛው አብሽር ብሎ ሊያበርደው ሞከረ፣ ማንም አልሰማውም። 11ኛው ግን በቁጣ ሳይሆን በማስረጃ መለሰ፦ ቴዎድሮስ ራሳቸው ገለባና መንገድ ከማንም በላይ ይቆጥሩ ነበር፤ ከደብረ ታቦር በጥቅምት ወር ተነስተው መቅደላ መጋቢት ላይ የደረሱት መንገድ እየሠሩ ነው፤ በጅጣ ገደል ላይ ያሠሩት መንገድ እጅግ የሚደነቅ ነው፣ ናፒየርም በዚያው መንገድ ነው የመጣው። ይህ ሰው ነውር የሚለው ሂሳብ ንጉሡ ራሳቸው የሠሩት ነው ብሎ ጨረሰ። 9ኛው ሁለተኛ አልጻፈም።

መንገዱ ሲነሳ ሴባስቶፖል፣ የቴዎድሮስ ትልቁ መድፍ፣ መነሳቱ አይቀርም። 12ኛው ከኮምቦልቻ ነው፣ ብረት ማቅለጥ የሚያውቅ። ጋፋት ላይ ቀልጦ የተሠራው ይህ ሞርታር ወደ 70 ኩንታል ይመዝናል። የመድፍ ነሐስ ዘጠኝ እጅ መዳብ፣ አንድ እጅ ቆርቆሮ ያህል ነው። መዳብ 1,085 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል፤ ችግሩ ማቅለጡ ሳይሆን ያን ያህል ሁሉ በአንድ ጊዜ ማውጣት ነው። ምድጃዎቹ እኩል ካልደረሱ የቀደመው ይረጋና የኋላው አይያያዘውም፤ እዚያ ጋ ስፌት ይቀራል፣ ሲተኮስ በስፌቱ ይከፈታል። የሸክላው ቅርጽ ደግሞ እስከ ውስጡ መድረቅ አለበት። ትንሽ እርጥበት ከቀረ ወደ እንፋሎት ይለወጥና ነሐሱን ወደ ላይ ይተፋል፣ ወይ በውስጡ አረፋ ትቶ ያልፋል። ከላይ ደረቅ የመሰለ ሸክላ ውስጡ እርጥብ ሊሆን ስለሚችል ቀጭን ሽቦ አስገብቶ ማውጣት፣ ሽቦው ላይ ላብ መሳይ ካለ መጠበቅ ነው። 

13ኛው ጉተታውን አሰላ። ከአስር ሜትር አንድ ሜትር በሚያስወጣ ዳገት ላይ 70 ኩንታል ለመጎተት፣ ለስበቱ 7 ኩንታል፣ ለመንኮራኩሩ መቃወም ሌላ 7 ኩንታል ኃይል ያስፈልጋል። ሰው ሳያቋርጥ የሚስበው ከ15 እስከ 20 ኪሎ ነው፤ ከ70 እስከ 95 ሰው። አራት ሜትር ሲኬድ አንድ ሜትር የሚያስወጣ ከሆነ ከ120 በላይ ይገባል። የሚከፋው ግን ቁልቁለቱ ነው፤ ወደ ጅጣና ወደ በሽሎ ሲወርድ ሰዉ ሁሉ ከኋላ ገመድ ይዞ፣ ከመንኮራኩሩ ፊት ድንጋይ የሚወሽቅ ሰው እየተለዋወጠ ነው የሚሄደው። ገመድ የሚበጠሰው ሲጎተት ሳይሆን ቆሞ ሲነሳ ነው። ሞርታሩ እስከ ዛሬ መቅደላ አለ፤ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ያለው አምሳያው ነው። ይህንን ለማያውቅ ተማሪ መንገር ብቻ ጉዞውን ያዋጣል ባይ ነው።

14ኛው የመድረኩ ኃላፊ ይመስላል፤ ወደ ጥያቄው እንመለስ ብሎ በአንድ መስመር አሳሰበ። 15ኛው ታዞ ስለ ካብ ጻፈ፣ መልካምም አደረገ። አምባና ዙሪያው ላይ ያለ ድንጋይ ሁሉ የምሽግ ካብ አይደለም። እርከን አንድ ፊት ብቻ ነው ያለው፣ ጀርባው አፈር ሞልቶ ከአናቱ እኩል ይሆናል። የከብት በረት ዞሮ ይዘጋል፣ በሩ ጠባብ ነው፣ ውስጡ ከውጭው ዝቅ ወይም ጠቆር ይላል። የምሽግ ካብ ሁለት ፊት አለው፤ በሁለቱም በኩል ትልልቅ ድንጋይ፣ መካከሉ ውርውር ጠጠር፣ ውፍረቱ ከአንድ ሜትር የማያንስ፣ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየጠበበ የሚሄድ ነው። የሚፈርሰውም መሠረቱ ስለለቀቀ ብቻ ሳይሆን ሁለቱን ፊት አቋርጦ የሚያያዝ ረጅም ድንጋይ ስላጣ ነው፤ ሆዱ ይነፋና በአንድ ክረምት ይዘረገፋል። ተማሪዎቹ በሩ አካባቢ ያለውን ካብ ረግጠው እንዳይወጡ፤ አንድ የተነቀለ የማያያዣ ድንጋይ ሁለት ሜትር ካብ ያወርዳል።

16ኛው በዚያው ላይ ሳማን ጨመረ። ሳማ ያለ ምክንያት አይበቅልም። ሜዳ መሀል ላይ ክብ ሆኖ ጥቅጥቅ ያለ ሳማ ከታየ ከብት ያደረበት ወይም አመድ የተደፋበት ነው፤ ፍግና አመድ ያጠገበው አፈር ረጅም ዘመን ይቆያል። እንቧይና አስተናግርም እንዲሁ። ድንጋዩ ሁሉ ለቤት ተለቅሞ ቢያልቅ እንኳ ሰፈሩ የት እንደነበረ ሣሩ ይናገራል። ሳማው ውስጥ በቁምጣ አትግቡ የሚለው ምክር የማያስፈልግ መስሎኝ ነበር፤ ሁለት ሰው አመስግኖበታል።

17ኛው የግሸንን ክብር ሊያስጠብቅ መጣ። አምባ ከተባለ በአምባሰል ያለው ግሸን ነው፣ የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት፣ ማንም ደፍሮት የማያውቅ አለ። 18ኛው በአክብሮት አረመው፦ ኢማም አህመድ በ1531 እ.ኤ.አ. እና ከሁለት ዓመት በኋላ ሞክረው አቅቷቸው ተመለሱ፣ በ1540 ግን ያዙት። ሁለት ጊዜ ያልቻሉት ገደሉ ስለከበዳቸው ነው፤ በሦስተኛው ጊዜ ገደሉ አልተለወጠም፣ የተለወጠው በዙሪያው ያለው አገር በእጃቸው መግባቱ ነው። የ7ኛውን መልስ ደግማችሁ አንብቡ አለ። ይህ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ 17ኛውን አስቆጥቶታል፤ መስከረም 21 ቀን ግሸን ማርያም ላይ ስንት ሕዝብ እንደሚወጣ እየጠቀሰ ሌላ ጉዳይ ውስጥ ገባ።

19ኛው ከርዕስ የወጣ ነው፤ ከበሽሎ ማዶ ስላለው ደላንታና ኦፓል ስለሚባለው የከበረ ድንጋዩ። በ2008 እ.ኤ.አ. ጸሐይ መውጫና ወገል ጤና አካባቢ ከተገኘ ወዲህ ገደሉ በጉድጓድ ተበሳ። ኦፓሉ ያለው በቀጭን ንጣፍ ውስጥ ነው፤ ቆፋሪው ንጣፉን ተከትሎ ጎን ለጎን ይገባል፣ ከላዩ ከባድ ድንጋይ አለ፣ እንጨት ሳይደግፍ ከገባ ይደረመሳል። የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል፤ ውሃ ውስጥ ሲገባ የቀለም ጨዋታው ይጠፋና መስታወት ይመስላል፣ ሲደርቅ ይመለሳል፤ ለማድረቅ ቀናት ይወስዳል፣ እሳት አጠገብ ካደረጉት ይሰነጠቃል። ዘይት የነካው ግን እንደ ውሃው አይወጣለትም፣ ቀለሙን ይዞ ይቀራል። ደሴ ላይ ረጥቦ የሚቀርብ ድንጋይ አትግዙ ብሎ ጨረሰ።

ከርዕስ ወጣ ብለው ሲጮሁበት፣ የ3ኛው መልስ ጸሐፊ 20ኛ ሆኖ ተመለሰና አዳነው። ኦፓሉ ያለበት ለስላሳ ንጣፍና ምንጩ የሚወጣበት ንጣፍ አንድ ዓይነት ናቸው፤ በሁለት ጥቁር ድንጋዮች መካከል የቀረ የእሳተ ገሞራ አመድ። ውሃ እዚያ ቆመ፣ ከውሃው ጋር የሟሟ ሲሊካ እዚያ ቀረ። ደላንታ ላይ ሰው ኦፓል ሊፈልግ የሚገባበት ከፍታና ገበሬ ምንጭ ሊፈልግ የሚሄድበት ከፍታ የተለያየ ቢሆን ይገርመኝ ነበር፣ ይላል። እኔ ይህን ያህል አልጠበቅሁም ነበር፤ ክሩ ተንዘላዝሎ ተንዘላዝሎ መነሻው ላይ ገጠመ።

በ21ኛው ላይ የክሩ ከፋች ዕቅዱን ቀየረ። በመጀመሪያ አናቱ ላይ ወጥቶ ሊጀምር የነበረውን ትቶ ተማሪዎቹን ገደሉ ሥር ምንጭ ጋ ሊያቆማቸው ነው። 20 ሊትር ጀሪካን ይሞሉና ሰዓት ይይዛሉ። በአራት ደቂቃ ከሞላ በደቂቃ 5 ሊትር ነው፣ በቀን 7,200 ሊትር፤ ላዩ ላይ የነበረው ኩሬ ለ500 ሰው ከሚሰጠው 2,500 ሊትር ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረው፣ ያውም ሳያልቅ። ከዚያ በኋላ በሩን አሳያቸዋለሁ ይላል። በሩ በየት በኩል እንደሚያይ፣ ፋላና ሥላሴ የት እንደሆኑ በጣት እየጠቆሙ እንዲናገሩ ያደርጋቸዋል፣ ካቡን ሳይነኩ።

22ኛው የመጨረሻው ነው፤ 4ኛውን የጻፈው ሰው። ሂሳቡ ደህና ነው፣ ግን በጥቅምት አትለኩ አለ። ክረምቱ ገና በስንጥቁ ውስጥ ስላለ ምንጩ ያታልላል፤ ጥር መጨረሻ ላይ አንድ ጊዜ ድገሙት፣ አምባው ላይ ያለ ሰው የሚጨነቅበት ወር እሱ ነው። ጀሪካኑም ቢጫው የዘይት ጀሪካን ከሆነ 20 ሊትሩ የሚሞላው አንገቱ ሥር ነው፤ እስከ አፉ ከሞላችሁት ከ20 ይበልጣል፣ የምንጩም መጠን ከእውነቱ ያነሰ ሆኖ ይወጣባችኋል።